በእኔ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ማይኩ ይለካ

ዘማሪን «ድምፅሽ አልቋል» ማለት ሹፌርን «ዓይንህ ደክሟል፣ ቁልፉን አስረክብ» እንደማለት ነው። እኔ ይህን የተባልኩት እዚህ በሰው አገር፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከአንድ ሐበሻ ምግብ ቤት በላይ ባለች ጠባብ መቅረጫ ክፍላችን ውስጥ ነው። ያለኝም ጠላቴ አልነበረም። ለዓመታት አብረን የዘመርን፣ በሰርጌ ቀን ኪቦርድ የተጫወተልኝ ሰው ነበር። ጠላት ቢለኝማ ስቄ አልፈው ነበር።

መጀመሪያ ግን ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ሰናይት እባላለሁ። ሃውቶርን በምትባል ከተማ ውስጥ ባለች አነስተኛ ወርክሾፕ የመቅረጫ ማይክ እለካለሁ። ሥራዬን ስናገር «ምኑን ነው የምትለኪው፣ ቁመቱን?» ብሎ ያልሳቀብኝ ሐበሻ የለም። ቁመቱን አይደለም፤ በደንብ መስማት አለመስማቱን ነው። ማይኩን ግድግዳው በስፖንጅ በተለበጠ፣ ድምፅ ነጥሮ በማይመለስበት ክፍል ውስጥ ከስፒከር ፊት አቆመዋለሁ። ስፒከሩ ከወፍራም ጉርምርምታ ተነስቶ ጆሮ እስከሚበሳ ቀጭን ፉጨት ድረስ ይወጣል። ማይኩ የሰማውን ያህል ኮምፒውተሩ መስመር ይስላል። መስመሩ ቁልቁል የሚወርድበት ቦታ ማይኩ የደነቆረበት ቦታ ነው። ሥራውን እዚሁ አገር ኮሌጅ ገብቼ ነው የተማርኩት፤ እወደዋለሁም።

እሁድ እሁድ ደግሞ ዘማሪ ነኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ትንሽ ናት። ምእመኑ ሹፌር፣ አስታማሚ፣ የሱቅ ሠራተኛ ነው፤ ከሎንግ ቢች ድረስ የሚመጣም አለ። ያን ጊዜ የመጀመሪያውን የመዝሙር አልበማችንን እየቀረጽን ነበር። ከመዝሙሮቹ ሦስቱ የእኔ ነበሩ። ግጥሙንም ዜማውንም የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የምዘምራቸውም እኔው እንደሆንኩ ማንም ተከራክሮኝ አያውቅም።

መቅረጽ ሊጀመር ሲል አንገቴ ላይ እንቅርት ወጣ። ሐኪሟ ኦፕሬሽን ያስፈልግሻል አለችኝና አንድ ነገር አስጠነቀቀችኝ። ድምፅን የሚያዝዘው ነርቭ እዚያው አጠገብ ስለሚያልፍ፣ የቱንም ያህል ጥንቃቄ ቢደረግ ድምፄ ሊለወጥ ይችላል። ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ እሺ አልኩ። እኔ ተኝቼ ሳለሁ ሌሎቹ የየራሳቸውን መዝሙር ቀርጸው ጨረሱ። አገግሜ ስመለስ የቀሩት የእኔ ሦስቱ ብቻ ነበሩ፤ ገብቼ ዘመርኳቸው። በሳምንቱ ናሆም ጠራኝ።

ናሆም የመዝሙር ቡድኑ መሪ ነው። በአዘቦት ቀን ታክሲ ይነዳል፣ ቅዳሜ ይቀርጻል፣ እሁድ ኪቦርድ ይጫወታል።

«ሰኒ፣ ቁጭ በይ» አለኝና የተቀረጸውን ከፈተልኝ።

ከስፒከሩ የወጣው ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘምር ሰው ድምፅ ነበር። ቃላቱ በቅጡ አይለዩም። «ሰ» እና «ሸ» የሚባሉ ፊደላት ከነጭራሹ ጠፍተዋል። ዜማው ከፍ በሚልበት ቦታማ ምን እንደምል እኔው የጻፍኩት ሰው አልገባኝም።

«ይሄ እኔ አይደለሁም» አልኩት።

«አንቺ ነሽ። ሶ... እኛም ጸልየንበታል። ከኦፕሬሽኑ በኋላ ድምፅሽ አልቋል፣ ሰኒ። ማለቴ፣ ደክሟል። ሦስቱንም ቤዛ ትዘምራቸው ብለን ዲሳይድ አድርገናል።»

ቤዛ ከቡድኑ በዕድሜ ትንሿ ናት። ድምፅዋ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው፤ በዚህ አልዋሽም።

«ማይኩስ ታይቷል?» አልኩ።

«ማይኩ ምን ይሆናል? አዲስ እኮ ነው። በዚሁ ማይክ ቤዛ ዘምራለች፣ ሁሉም ዘምሯል። የሁሉም ፐርፌክት ነው። ያንቺ ብቻ ነው እንዲህ የሆነው።»

የሚያናድደው ንግግሩ ትክክል መምሰሉ ነበር። በአንድ ማይክ የሁሉም አምሮ የአንዷ ብቻ ከተበላሸ ማን ማይኩን ይጠረጥራል? በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይባላል፤ እኔ እንቅርቱን አስወጥቼ ጆሮ ደግፉ ተረፈኝ።

«ጸልየንበታል ነው ያልከው?»

«አዎ።»

«እኔም ጸልያለሁ። ለእኔ ግን ለኪው ነው ያለኝ።»

ናሆም ሊስቅ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። «ምኑን?»

«ማይኩን። ቅዳሜ ዕቃዬን ይዤ እመጣለሁ። አንተም፣ ቤዛም ትገኛላችሁ። ጋሽ ታምራትም ይጠሩ። በእኔ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ማይኩ ይለካ።»

ጋሽ ታምራት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ማይኩን በስጦታ ያበረከቱትም እሳቸው ናቸው። እሳቸው ባሉበት ስጦታቸውን መጠርጠር ድፍረት እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ አውቄ ነው ያልኩት።

አፌን ሞልቼ ተናገርኩ እንጂ እርግጠኛ አልነበርኩም። ማይኩ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ የእኔ ነገር አበቃ ማለት ነው። ያውም በራሴ መሣሪያ፣ በራሴ እጅ፣ በሁሉም ፊት። ባሌ «ተዪው፣ ተጣልተሽ ምን ታተርፊያለሽ?» አለኝ። «ብተወውስ ምን አተርፋለሁ?» አልኩት። እስከ ቅዳሜ ድረስ ቤት ውስጥ አንድም ጊዜ አላንጎራጎርኩም። ፈርቼ ነው፤ ማይኩ ሳይለካ ድምፄን መስማት አልፈለግሁም።

ቅዳሜ ከሰዓት አለቃዬን አስፈቅጄ ሁሉን ድምፅ እኩል የሚሰማውን የወርክሾፑን የመለኪያ ማይክ፣ አንድ ስፒከርና ላፕቶፕ ይዤ ደረጃውን ወጣሁ። ለመቅረጫ የሚሆን የግሌን ማይክም ጨምሬ ነበር። ናሆም እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ቤዛ ጥግ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። ጋሽ ታምራት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ ዳኛ ተቀምጠዋል።

ሥራውን ልጀምር ስል ከታች ከምግብ ቤቱ የዘፈን ከበሮ ወለሉን ይመታው ጀመር። የወጥ ቤቱ ጭስ መሳቢያም እንደ አውሮፕላን ይጮሃል። እንዲህ ባለ ጩኸት ውስጥ መለካት ቀልድ ስለሆነ ወደ ታች ወረድኩ። የምግብ ቤቱን ባለቤት እትዬ እያልኩ ለመንኳቸው።

«ለመዝሙር ነው?» አሉኝ።

«ለመዝሙር ነው።»

«ለመዝሙር ከሆነ ዘፈኑን አጠፋለሁ። ማሽኑን ግን ለትንሽ ጊዜ ብቻ ነው፤ ክትፎ ያዘዘ ሰው በጭስ አይታፈንም።»

ሮጬ ተመለስኩ። በመጀመሪያ የወርክሾፑን ማይክ ከስፒከሩ ፊት አቆምኩና የማቆሚያውን እግር ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አደረግሁበት። ጉርምርምታው ተነሳ፣ ቀጠነ፣ ፉጨት ሆነ፣ ጠፋ። ላፕቶፑ ላይ አረንጓዴ መስመር ተሳለ። እሱን አንስቼ የቤተ ክርስቲያኑን ማይክ እዚያው ምልክቱ ላይ አቆምኩ። ያው ድምፅ እንደገና ሄደ። አሁን ቀይ መስመር መሳል ጀመረ።

ቀዩ መስመር ከአረንጓዴው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ሄደ፤ ግማሽ መንገድ ድረስ አልተለየውም። ጋሽ ታምራት አንገታቸውን አስግገው «ታዲያ አንድ አይደሉም እንዴ?» አሉ። መልስ ሳልሰጥ ቀዩ ቁልቁል መውረድ ጀመረ። ወረደ፣ ወረደ፣ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ከአረንጓዴው በብዙ ርቀት ታች ነበር።

«ይኸው» አልኩ። «የላይኛውን፣ ቀጭኑን ድምፅ አይሰማም። ቃል የሚለየው ደግሞ በላይኛው ነው።»

ናሆም ቀርቦ አየና ከንፈሩን መጠጠ። «ሲሠራ እንደዚያ ተደርጎ ቢሆንስ? እንዲህ ዓይነት ማይክ የሚወድ ሰው አለ፤ ዋርም ነው የሚባለው፣ ሞቅ ያለ ድምፅ። ደግሞ ሰኒ፣ ቤዛ በዚሁ ነው የዘመረችው፣ ቆንጆ ነው የወጣው። እሱን ምን ልትይው ነው?»

ጥያቄው ፍትሐዊ ነበር። እኔም እሱን ስጠብቅ ነበር።

«ኦኬ። ቤዛ አሁን ትዘምርበታ። ያኔ ከቀረጸችው አንድ አዝማች ብቻ፣ በዚሁ ማይክ።»

ቤዛ ስልኳን አስቀመጠች። «እኔን ለምን ታስገቡኛላችሁ?»

«ናሆም አንቺን ነው ምስክር ያደረገው» አልኳት።

እያመነታች ተነሳችና ዘመረች። ክፍሉ ውስጥ ለቆምነው ድምፅዋ ያው የምናውቀው ነበር። ናሆም መጀመሪያ የድሮውን፣ ቀጥሎ ያሁኑን ከፈተ። ያሁኑ ሲከፈት ቤዛም ብርድ ልብሱ ውስጥ ገብታለች።

«ይሄ እኔ ነኝ?» አለች አፍዋን በእጅዋ ይዛ። «ኦ ማይ ጋድ፣ እኔም ሳላውቅ ኦፕሬሽን ተደርጌያለሁ እንዴ?»

እኔ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ከዚያ ናሆምም ሳቀ። ጋሽ ታምራት ግን አልሳቁም። ማይኩ ያኔ ጤነኛ ከነበረ ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ደርሶበታል ማለት ነው። የፊቱን ወንፊት በቀስታ ፈታሁት። በውስጡ ድምፅ የምትቀበል፣ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች ሽፋን አለች። ደረቅና ንጹሕ መሆን ሲገባት ወዝታ ታበራለች፤ ላይዋ ላይም አቧራና የምንጣፍ ፀጉር ተለጥፎባታል። አሸተትኩት።

«ዘይት ነው» አልኩ። «የወይራ ዘይት። ማነው ማይክ ላይ ዘይት ያፈሰሰው?»

ናሆም ወለሉን አየ፣ ቤዛ ናሆምን አየች። ጋሽ ታምራት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ይህን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በእኛ ዘንድ የዜማ መሣሪያ ሲገዛ እንዲሁ አይነካም። ሽማግሌ ጸልዮ፣ ዘይት ቀብቶ ለጌታ ይለየዋል። ማይኩ በመጣ ጊዜ ጋሽ ታምራት አዲስ አበባ ነበሩ። ናሆም ደግሞ ቸኩሎ ስለነበር የሌሎቹን መዝሙር ሳይጸለይበት ቀረጸ። ጋሽ ታምራት ሲመለሱ ይህን ሰምተው ተቆጡና በመጀመሪያው እሁድ ጸሎቱ ተደረገ። እኔ የዘመርኩት ከዚያ በኋላ ነበር።

«ኪቦርዱን ጠርዙን ብቻ ነው የነካሁት» አሉ ጋሽ ታምራት። «ጊታሩንም እንዲሁ። ማይኩን ግን ቃሉ የሚያልፍበት በር ነው ብዬ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ሦስት ጊዜ አፈሰስኩበት። ዘይቱም የሱቅ እንዳይመስልሽ፤ ከኢየሩሳሌም የመጣ ነው።»

«ጋሼ፣ ማይኩ ከየት እንደመጣ አይለይም» አልኳቸው። ለመቆጣት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ አልቻልኩም። ለእኔ ድምፅ ጭምር ነበር የጸለዩት።

ናሆም መጥቶ አቀፈኝ። «ይቅርታ ሰኒ። ሪሊ፣ ይቅርታ።» ቤዛ እልል አለች። ታሪኬ እዚህ ላይ ቢያበቃ እንዴት ባማረ! ናሆም የእኔን ማይክ በመስታወት በተከለለችው የመዘመሪያ ጥግ ውስጥ ሰክቶ «በይ አሁን ዘምሪ» አለኝ፤ ጆሮ ማዳመጫውን አጠለቅሁና ጀመርኩ።

መጀመሪያው አማረ። ቃላቱ ተመለሱ፣ «ሰ»ም «ሸ»ም ቦታቸውን ያዙ። ናሆም በመስታወቱ ወዲያ አውራ ጣቱን አነሳልኝ። ከዚያ ዜማው ወደሚወጣበት ቦታ ደረስኩ፤ «ምስጋናዬን ገና አልጨረስኩም» የሚል ስንኝ ነው። «ገና» ላይ ድምፄ ተሰነጠቀና ጠፋ። አየር ብቻ ወጣ።

እንደገና ሞከርኩ፤ እንደገና ጠፋ። ውኃ ጠጥቼ ሞከርኩ። ማይኩ ጤነኛ ነበር፣ እኔ ራሴ ነበርኩ የለካሁት። አሁን የምሸሸግበት ዘይት የለም። ድሮ ሳላስበው የምወጣበት ደረጃ ከእንቅርቱ ጋር ተቆርጦ ቀርቷል፤ ይህን ያወቅሁት ሦስት ሰዎች እያዩኝ ነው። አለቀስኩ።

ናሆም በሩን ከፍቶ ገባ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሶ... ማይኩም ተበላሽቷል፣ አንቺም ትንሽ... ተለውጠሻል። ማንም ጥፋተኛ አይደለም። ቤዛ ትዘምረው፣ ስምሽ ግጥምና ዜማ ተብሎ ይጻፋል» አለኝ።

«ቤዛ፣ አንቺስ?» አልኳት።

«እውነቱን ልንገርሽ ሰኒዬ፣ ብዘምረው ደስ ይለኛል» አለች ዓይኔን እያየች። «ግን አንቺ ካልፈቀድሽ አልነካውም።»

እውነቷን ስለነገረችኝ ወደድኳት። አልፈቀድኩም ግን። ንዴቱ ከእንባው በላይ ወጣ። በወርክሾፓችን ከላይ የደከመ ማይክ ሲመጣ ቆሻሻ ውስጥ አንጥለውም። መስመሩን እናይና ከታች ሙሉ ከሆነ ከበሮ ለሚቀርጽ ሰው እንሰጠዋለን፤ መርቆን ነው የሚወስደው። ለዕቃ ያደረግሁትን ለራሴ የማላደርግበት ምክንያት አልታየኝም።

«ናሆም፣ የቀረጽከውን ክፈተው። ከታች ያለውን ስማ፣ ጎድሏል?»

ሰማ። «አልጎደለም። እንዲያውም ወፈር ብሏል።»

«ላዩ ነው የሄደው። ስለዚህ ኪይ አውርድልኝ፣ ዜማው ከዝቅተኛ ድምፅ ይነሳ።»

«ሰኒ፣ ትራኩ በሙሉ በዚህ ኪይ ነው የተሠራው! ሁሉንም እንደገና ልጫወት ነው? በአዘቦት ቀን እንዳልመጣ እኮ ድራይቭ አደርጋለሁ። ደግሞ መዝሙሩ የሚያምረው ከፍ ሲል ነው።»

«ማን አለህ? የሠራሁት እኔ ነኝ። ዜማው ላይ ሰው መውጣት አቃተው ብለህ ሰውየውን ከምትጥል ዜማውን አውርደው። ጉሮሮዬን ቆርጠው ያወጡትን አውጥተዋል፤ የቀረውን ለማንም አላስረክብም።»

ናሆም ሊመልስ አፉን ከፈተ። ጋሽ ታምራት መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ዘግተው ተነሱ።

«ናሆም፣ ተጫወት» አሉት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሥራው አይገባዎትም...»

«አይገባኝም። ስለማይገባኝ ነው ዘይት ያፈሰስኩት። ይቺ ልጅ ግን ገብቷታል። እኔ ማይኩን አበላሽቼ፣ አንተ ደግሞ እሷን ጥለህ፣ በምን ፊታችን ነው እሁድ የምንቆመው? ተጫወት አልኩህ።»

ናሆም እያጉረመረመ ኪቦርዱ ላይ ተቀመጠ። አንድ ደረጃ አወረደ፤ አልበቃኝም። ሌላ አወረደ፤ አሁንም «ገና» ላይ ተንቀጠቀጥኩ። «አሁን የወንድ ኪይ ልትገቢ ነው» አለኝ። «ልግባ፣ ምን አገባህ» አልኩት። ሦስተኛው ላይ እግሬ መሬት ነካ። ከደረቴ የወጣውን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። አላውቀውም ነበር። ወፍራም፣ ጠርዙ ሻካራ፣ የሌላ ሴት ድምፅ ነው። እስከ መጨረሻው ዘመርኩበት። ከታች ጭስ መሳቢያው ተመልሶ መጮህ ጀመረ፤ እኔም አላቆምኩም።

ስጨርስ ናሆም ከኪቦርዱ ዞሮ አየኝ።

«ይሄ ሌላ መዝሙር ሆነ» አለ።

«የተሻለ ነው የባሰ?»

«አላውቅም። ሌላ ነው።»

ከሰው የሰማሁት እውነተኛ አስተያየት እሱ ነበር፤ በቃኝ። የጭስ መሳቢያው ድምፅ ስለገባበት በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሰን ሦስቱንም በአዲሱ ኪይ ቀረጽናቸው። የተበላሸውን ማይክ ወርክሾፕ ወስጄ አስጠገንኩት። ጋሽ ታምራት አሁንም አዲስ ዕቃ ሲመጣ ዘይታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከመቀባታቸው በፊት ግን «የት ላይ ላድርገው?» ብለው ይጠይቁኛል። «እግሩ ላይ፣ ጋሼ» እላቸዋለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ «እሷ ትክክል ነበረች፣ እነሱ ተሳሳቱ» ብላችሁ እንዳትዘጉት። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። ልኬቱ ግማሹን ለእኔ፣ ግማሹን በእኔ ላይ ነው የመሰከረው። ድምፄ በእርግጥ ተጎድቷል። ነገር ግን ሳይለካ እሺ ብዬ ቢሆን ኖሮ ጥቂት የጎደለኝን ሰው ምንም የላትም ብለው ያሰናብቱኝ ነበር፤ እኔም አምኜ ቤቴ እቀመጥ ነበር። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ስንቱ ሰው በሰው ጆሮ ተለክቶ፣ ማይኩ ሳይታይ፣ ቤቱ ተቀምጧል!

ከዚያን ቀን ወዲህ አመሌ ተለውጧል። ሥራ ቦታ «ይሄ አይሆንልሽም» ሲሉኝ «በምን ለካችሁት?» እላለሁ። ሐኪም ቤትም እንዲሁ። አስቸጋሪ ሆነች የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ። መልሱ እኔን የሚጎዳ ቢሆንም ልስማው፣ ከዚያ ምን እንደማደርግ እኔ እወስናለሁ።

አልበሙ ከወጣ በኋላ አንድ እሁድ ልዘምር ስነሳ፣ ከፊት ወንበር አጠገብ የቆመች አንዲት እህት እጄን ያዘችኝ። ፊቷ በሐዘኔታ ተሞልቷል። «ሰናይትዬ፣ ድምፅሽ እኮ ተለውጧል» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አዎ፣ ተለውጧል» አልኳት። «ተቀመጪና ስሚ።»